ጆይስቲኩ ሳይበላሽ ለምን ይጣላል?



ኡም ራኩባ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በ1980ዎቹ ረሃብና ጦርነት ያፈናቀላቸውን ኢትዮጵያውያን አስጠልሎ ነበር። ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር፣ የተከዜን ወንዝ ተሻግረው በሐምዳይት የድንበር መግቢያ በኩል ለገቡ ቤተሰቦች በጥድፊያ ተከፈተ። በኤፕሪል 2023 ደግሞ ያስጠጋቸው አገር ራሱ ጦርነት ውስጥ ገባ። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ርዕስ ሽቦ አልባ የጨዋታ ጆይስቲክ ከኮምፒውተርና ከስልክ ጋር እንዲግባባ የሚያደርገው ድራይቨር ነው። ርዕሱና ቦታው የማይገናኙ ይመስሉ ይሆናል። ነገር ግን በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን የሕፃን ሁሉ መብት አድርጎ መዝግቦታል፤ ድንበር የተሻገረ ልጅ ይህን መብት ድንበሩ ላይ ጥሎት አይመጣም። በተጨማሪም ኢንተርኔት በሌለበት፣ መብራት በጸሐይ ኃይል በሚገኝበት፣ አዲስ ዕቃ በማይገዛበት ቦታ አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጥሩ ይሁን መጥፎ በግልጽ ይለያል። በለንደን ወይም በሴኡል የግማሽ ደቂቃ ዳውንሎድ የሚፈታው ችግር በኡም ራኩባ የመጨረሻ ግድግዳ ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ፕሌይስቴሽን ቤት የማያውቅ ወጣት የለም ማለት ይቻላል። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ያረጀ ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ተረኛው ይቀመጣል። ጆይስቲኩ ባለ ሽቦ በነበረበት ዘመን ብልሽቱ በዓይን ይታይ ነበር። ገመዱ ይቆረጣል፣ ቁልፉ ይላላል፣ ጠጋኙ መበየጃውን አንሥቶ ያስተካክለዋል። ሽቦ አልባው ሲመጣና ያገለገለው ጆይስቲክ ከማሽኑ ተነጥሎ ወደ ላፕቶፕና ወደ ስልክ ሲሸጋገር ግን ችግሩ ከዓይን ተሰወረ። መብራቱ ይበራል፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ብሉቱዙም ስሙን ያሳያል፤ ጨዋታው ግን አይሰማውም። ባለቤቱ «ተቃጥሏል» ይልና ይጥለዋል። ከተጣሉት ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም። የጎደለው ኮምፒውተሩ ውስጥ መኖር የነበረበት ድራይቨር ነው።

ድራይቨር ምን ይሠራል? በመጠለያው የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ትግርኛ ተናጋሪው ስደተኛና ዐረብኛ ተናጋሪው መዝጋቢ የሚግባቡት በአስተርጓሚ ነው፤ በጆይስቲኩና በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መካከል ይህን ሥራ የሚሠራው ድራይቨሩ ነው። ጆይስቲኩ በውስጡ ትንሽ ኮምፒውተርና ሬዲዮ አለው። ጣት ቁልፍ ሲጫን፣ አውራ ጣት ዱላውን ሲገፋ፣ ሁኔታው በጥቂት ባይቶች ተጠቅልሎ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ላይ ይላካል፤ መላኩም በሰከንድ በአስሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች ጊዜ ይደጋገማል። ተቀባዩ ሲስተም የትኛው ባይት የትኛውን ቁልፍ እንደሚወክል ካላወቀ የሚደርሰው የቁጥር ክምር ብቻ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ኤች አይ ዲ የሚባል ስምምነት በ1990ዎቹ ለዩኤስቢ ተዘጋጀ፤ በኋላም ወደ ብሉቱዝ ተሸጋገረ። በስምምነቱ መሠረት ኪቦርድም ሆነ ማውስ ወይም ጆይስቲክ ገና ሲገናኝ «ይህን ያህል ቁልፍ፣ ይህን ያህል ዱላ አለኝ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ሁሉም አምራች ይህን ስምምነት በሙሉ ቢያከብር ኖሮ አንድ ድራይቨር ለሁሉም በበቃ ነበር። አላከበሩትም።

ሁለት ምሳሌ ይበቃል። የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ ብሉቱዝ አለው፤ በተለመደው የብሉቱዝ መንገድ ግን አይጣመርም። መጀመሪያ በዩኤስቢ ኬብል መሰካትና የኮምፒውተሩ የብሉቱዝ አድራሻ በውስጡ መጻፍ አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ብሉቱዝ ላይ ቢፈልገው አያገኘውም።

ሁለተኛው የማይክሮሶፍት ነው። በ2013 ከኤክስቦክስ ዋን ጋር የወጣው ጆይስቲክ ብሉቱዝ ጭራሽ የለውም፤ ያለ ሽቦ የሚነጋገረው ኩባንያው ለራሱ ባበጀው ሬዲዮ ብቻ ነው። ብሉቱዝ የተጨመረው በ2016 ከኤክስቦክስ ዋን ኤስ ጋር በወጣው ሞዴል ነው። ሁለቱ ለዓይን መንታ ናቸው፤ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ሊለያቸው ይችላል። በመሃል ያለውን የኤክስቦክስ ቁልፍ የከበበው ፕላስቲክ ከላይኛው የጣት ቁልፎች ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ብሉቱዝ የለውም፤ ከፊት ለፊቱ ገጽ ጋር አንድ ከሆነ አለው። ይህን ማወቅ ለአንድ ስደተኛ ቤተሰብ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ብሉቱዝ ለሌለው ሞዴል ሊኑክስ በተባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ መፍትሔ ያበጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ኤክስዋን የሚባል ድራይቨር ጽፈዋል። ነገር ግን ለብቻው መጫን አለበት። ዩኤስቢ ላይ የምትሰካው የሬዲዮ ተቀባይ እንድትሠራም ከማይክሮሶፍት የተወሰደ ፈርምዌር፣ ማለትም የመሣሪያው የውስጥ ፕሮግራም፣ ከኢንተርኔት መውረድ ይኖርበታል። በፌብሩዋሪ 2024 የዜይን፣ የኤም ቲ ኤንና የሱዳኒ የስልክ መስመሮች ሲቋረጡ አብዛኛው ሱዳን ከኢንተርኔት ውጭ ሆኖ ነበር። በትግራይም ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ድራይቨሩን ዳውንሎድ አድርግ» የሚል መልእክት ያለው ትርጉም «አይሆንም» ብቻ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው፤ ድራይቨሩ ሰውየው ከመፈለጉ በፊት በሲስተሙ ውስጥ መገኘት አለበት። በዚህ መለኪያ ሊኑክስ ባለፉት ዓመታት የሄደው መንገድ ሊነገር የሚገባው ነው። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ድራይቨሮቹን በሆዱ ይዞ ይጓዛል፤ በአንድ ፍላሽ ላይ የተጫነ ሊኑክስ ያለ ምንም ኢንተርኔት በሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን ያውቃል። በ2011 የኔንቴንዶ ዊ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ገባ፤ የጻፈው ዴቪድ ኸርማን ነው። በ2018 የስቲም መቆጣጠሪያ ድራይቨር በሮድሪጎ ሪቫስ ኮስታ ተጨመረ። የኔንቴንዶ ስዊች ጆይስቲኮችን የሚያስተናግደው፣ ዳንኤል ኦጎርቾክ የጻፈው ድራይቨር ደግሞ በ2022 መጀመሪያ በወጣው 5.16 ከርነል ተካተተ።

በ2021 አዲስ ነገር ሆነ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው የጆይስቲክ ድራይቨር የሚጻፈው ከኩባንያዎቹ ውጭ ባሉ ሰዎች ነበር፤ ጆይስቲኩ የሚልካቸውን ባይቶች አንድ በአንድ እየተመለከቱ፣ «ይህ ቁልፍ ሲጫን የተለወጠው የትኛው ነው?» እያሉ እየገመቱ። በዚያ ዓመት በ5.12 ከርነል የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ድራይቨር ገባ፤ ያቀረበው ሶኒ ራሱ ነው፣ የጻፈውም የኩባንያው ባለሙያ ሮደሪክ ኮለንብራንደር። በ2023 የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክም ወደዚሁ ድራይቨር ተጠቃለለ። ድራይቨሩ ቁልፎቹን ብቻ ሳይሆን ንዝረቱን፣ የእንቅስቃሴ መለኪያውንና የባትሪውን መጠን ጭምር ከሲስተሙ ጋር ያገናኛል። የባትሪው ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በጸሐይ ኃይል ቻርጅ የሚደረግ ዕቃ ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ የጨዋታው አካል ነው። የሶኒ እርምጃ አምራች ኩባንያ የመሣሪያውን ቋንቋ ለሕዝብ ቢገልጥ እንደማይጎዳ አሳይቷል። ሌሎቹም ይህን ሊያደርጉ ይገባል።

ድራይቨሩ ቁልፉን ከለየው በኋላ አንድ ደረጃ ይቀራል፤ ጨዋታው የትኛውን ቁልፍ «መምቻ»፣ የትኛውን «ማቀበያ» ይበለው? በኤክስቦክስ ላይ «ኤ» የተጻፈበት ቁልፍ ከታች ነው፣ በኔንቴንዶ ላይ ከቀኝ። ሊኑክስ ለዚህ ጥሩ መላ አበጅቷል። በቁልፉ ላይ ያለውን ፊደል ትቶ በአራቱ ማዕዘን ይጠራዋል፤ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ምዕራብ። ሳም ላንቲንጋ በ1998 የጀመረው ኤስ ዲ ኤል የተባለ የፕሮግራም ክምችት ደግሞ የጆይስቲኮችን የቁልፍ አቀማመጥ የሚይዝ ዝርዝር አለው፤ ለአንድ ጆይስቲክ አንድ መስመር ጽሑፍ። ይህ ዝርዝር ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ፣ በፍላሽ ከድንኳን ወደ ድንኳን ይተላለፋል።

ታዳሚዎች፤ እስካሁን የተነገረው ስለ ኦርጅናል ዕቃ ነው። በገዳሪፍም ሆነ በአዲስ አበባ መርካቶ ተራው ሰው አቅሙ የሚፈቅድለት ግን ብዙ ጊዜ ኮፒውን ነው። የዛሬው ንግግር ዋና ነጥብም እዚህ ላይ ነው። ኮፒ ጆይስቲክ ኦርጅናሉን መስሎ ይቀርባል፤ የአምራቹን መለያ ቁጥር ሳይቀር ይዋሳል፤ ሲጠየቅ ግን ግማሹን መልስ ብቻ ይሰጣል። ለምሳሌ ድራይቨሩ ከኦርጅናሉ የፋብሪካ መለኪያዎችን ይጠይቃል። ኮፒው መለኪያ የለውም፣ ዝም ይላል። ጥንቃቄ የበዛበት ድራይቨር ይህን እንደ ስህተት ቆጥሮ መሣሪያውን በሙሉ ያባርረዋል፤ ቁልፎቹ ሁሉ ደህና ሆነው ሳለ።

ይህን ማረም ይቻላል፤ ታርሞም ያውቃል። በ2024 ማክስ ሽታውት ባቀረባቸው ለውጦች የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ድራይቨር መለኪያም ሆነ የፈርምዌር ቁጥር ባይሰጠው እንኳ ሥራውን እንዲቀጥል ተደርጓል። ከዚያ ቀደም በ2020 ኢስማኤል ፌሬራስ ሞሬዙዌላስ ሲ ኤስ አር የሚል የቺፕ አምራች ስም ተለጥፎባቸው በየሱቁ የሚሸጡትን፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰኩ ርካሽና ሐሰተኛ የብሉቱዝ ዶንግሎች ከርነሉ እንዲለያቸውና እንደ ጠባያቸው እንዲይዛቸው የሚያደርግ ማስተካከያ አስገብቷል። እነዚህ ዶንግሎች አብሮት የተሠራ ብሉቱዝ ለሌለው አሮጌ ዴስክቶፕ ብቸኛ በር ናቸው። ሁለቱ ሰዎች የሠሩት ሥራ ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ የጠቀመው ግን ኦርጅናል መግዛት የማይችለውን የዓለም ክፍል ነው። ኮፒ ዕቃን መደገፍ አጭበርባሪውን ማበረታታት ነው የሚል ክርክር ይሰማል። ክርክሩ ሚዛን አይደፋም፤ አጭበርባሪው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል፣ በድራይቨሩ እምቢታ የሚቀጣው ገዢው ብቻ ነው።

በስልክ በኩል ያለው ታሪክ ይለያል። አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ ነው፤ ጆይስቲክም ከ2011 የ3.1 እትም ጀምሮ ይቀበላል። ችግሩ የስልኩ ከርነል ነው። የቴክኖ ስልኮች አምራች ትራንሽን በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም ከጀመረበት ከ2011 ወዲህ ቴክኖና መሰሎቹ በየኪሱ ገብተዋል፤ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ስልኮች ከርነል ግን ከወጡበት ቀን ወዲህ በአምራቹ እምብዛም አይታደስም። አዲስ ድራይቨር ለሊኑክስ ቢጻፍም እነዚያ ስልኮች ዘንድ አይደርስም። ጉግል በአንድሮይድ 12 እና በ5.10 ከርነል ግዴታ ያደረገው የጋራ ከርነል አሠራር የዚህን ችግር አንድ ክፍል ያቃልላል፤ የሚጠቅመው ግን ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ስልኮች ነው። ስለዚህ አምራቾች ለአፍሪካ ገበያ የሚልኩትን ስልክ ሲያዘጋጁ የጆይስቲክ ድራይቨሮቹን አብረው እንዲያስገቡ መጠየቅ ተገቢ ነው። ድራይቨሮቹ ተጽፈው አልቀዋል፣ ነጻም ናቸው፤ የሚያስፈልገው ከርነሉ ሲዘጋጅ እነርሱን መምረጥ ብቻ ነው።

ደህንነትም መነሣት አለበት። በዲሴምበር 2023 ማርክ ኒውሊን የተባለ ተመራማሪ አጥቂ ራሱን የብሉቱዝ ኪቦርድ አስመስሎ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከአንድሮይድ፣ ከሊኑክስና ከአፕል መሣሪያዎች ጋር ሊገናኝ እንደሚችል ይፋ አደረገ። በሊኑክስ ላይ ቀዳዳው የተዘጋው በሥርዓት ያልተጣመረ መሣሪያ እንዳይገባ በመከልከል ነበር። መልካም እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ቀደም ሲል የተነገረው የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ በተለመደው መንገድ ስለማይጣመር እርሱም አብሮ ተከለከለ። አንዳንድ ተጠቃሚዎች ጆይስቲካቸውን ለማስነሣት ጥበቃውን መልሰው አጠፉት፤ ቀዳዳውም እንደገና ተከፈተ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለባለሙያዎች ነው። አሮጌ ዕቃ በእጃቸው የሌላቸው ሰዎች ለውጥ ሲያደርጉ በአሮጌ ዕቃ የሚሞክርላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ጉዳዩ ከጨዋታም ያልፋል። በ2018 ማይክሮሶፍት ጣታቸውን ወይም እጃቸውን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ሰዎች ሁለት ትልልቅ ቁልፎችና 19 የመሰኪያ ቀዳዳዎች ያሉት መቆጣጠሪያ በ100 ዶላር ገደማ አወጣ። ሶኒም በ2023 የራሱን አስከተለ። በእግር የሚረገጥ፣ በክርን የሚገፋ፣ በአገጭ የሚነካ ቁልፍ ሁሉ ይሰካበታል። ጦርነት አካል የሚያጎድልበት አካባቢ ለሆነው ለምሥራቅ ሱዳንና ለሰሜን ኢትዮጵያ ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። እጁን ያጣ ወጣት በእንዲህ ያለ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ሊያዝ፣ ሊማርበት፣ ሊሠራበት ይችላል፤ ድራይቨሩ በሲስተሙ ውስጥ ከተገኘ።

ታዲያ ከኡም ራኩባ ምን ሊሠራ ይችላል? ብዙ። ቤንጃሚን ቲሷር የሚባለው የከርነል ባለሙያ ከሠራቸው መሣሪያዎች አንዱ «ኤች አይ ዲ ሪከርደር» ነው። አንድ ሰው ጆይስቲኩን ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፕ አገናኝቶ ይህን ፕሮግራም ያስነሣል፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫናል፣ ጆይስቲኩ የተናገረው ሁሉ በጽሑፍ ፋይል ይመዘገባል። ፋይሉ ጥቂት ኪሎባይት ነው። መቅዳቱ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ ብቅ ባለ ቀን በኢሜይል ይላካል። ጀርመን ወይም ብራዚል ያለ ባለሙያ ያን ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ መልሶ ሲያጫውተው ጆይስቲኩ እጁ ላይ ያለ ያህል ሆኖለት ድራይቨሩን ያርማል። በ2023 በ6.3 ከርነል የገባው «ኤች አይ ዲ ቢ ፒ ኤፍ» የተባለ ዘዴ ደግሞ እርማቱ ከርነሉን ሳይነካ በትንሽ ፕሮግራም እንዲሰጥ መንገድ ከፍቷል። በዓለም ላይ ካሉት ኮፒ ጆይስቲኮች ገሚሶቹን እንኳ ያየ የከርነል ባለሙያ የለም። ያዩአቸው የሚጠቀሙባቸው ሰዎች ናቸው።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ መንገድ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ የራሱ ቦታ ያገኘው ኩባንያዎች አስበውበት ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በላቲን ኪቦርድ ግዕዝን ለመጻፍ የሚያስችለውን «ሰራ» የተባለ ሥርዓት ሠሩ፤ ፊደሉም በ1999 በወጣው ዓለም አቀፍ የፊደላት ደንብ፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ተካተተ። የሰራ አጻጻፍ ዛሬም በሊኑክስ ኪቦርድ ምርጫዎች ውስጥ ተቀምጧል፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት ይጠቀምበታል። ጆይስቲክም እንዲሁ ነው፤ ተጠቃሚው ራሱን ካላስመዘገበ ሲስተሙ አያውቀውም።

ስለዚህ ከዚህ መድረክ ሦስት ጥሪ ይቀርባል። ለአምራቾች፦ የጆይስቲካችሁን ቋንቋ ግለጡ፣ ፈርምዌሩም ከሲስተሙ ጋር አብሮ እንዲሠራጭ ፍቀዱ። ለከርነልና ለብሉቱዝ ባለሙያዎች፦ መሣሪያ ግማሽ መልስ ሲሰጥ በሰጠው ልክ አሠሩት፤ አሮጌውን ዕቃ ከሙከራ ዝርዝራችሁ አታውጡ፤ ተጠቃሚው የሚያየውን የስህተት መልእክትም በትግርኛ፣ በአማርኛና በዐረብኛ እንዲተረጎም በር ክፈቱ። በመጠለያው፣ በገዳሪፍና በኢትዮጵያ ከተሞች ላሉ ወጣቶችና የኮምፒውተር ጠጋኞች ደግሞ፦ የማይሠራ ሽቦ አልባ ጆይስቲክ ሲገጥማችሁ ከመጣላችሁ በፊት ሊኑክስ ባለበት ፍላሽ ሞክሩት፤ እምቢ ካለ የመለያ ቁጥሩን ጻፉ፣ ንግግሩን ቅዱ፣ ኔትወርክ ስታገኙ ላኩት።